አትቁሚ፣ ዶሪን

ሬጅ አክሮይድ ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲያድል የኖረ ሰው ነው። ቶርንቤክ ውስጥ የማያውቀው በር የለም፤ የማይጠላው ውሻም የለም። ግን ማንንም ስለ ሬጅ ብትጠይቁ ፖስታውን አያነሳላችሁም። «እ፣ ያ ባቡር ፎቶ የሚያነሳው ነጭናጫ ሰውዬ?» ነው የሚላችሁ። ነጭናጫነቱን አልክድም፤ እኔም በሽቄበት ነው የማወራው፤ ግን ወዳጄ ነው።

እኔ ትሬቨር ነኝ። መንግሥት የሸለቆአችንን ሐዲድ ሲዘጋ የከተማው ሰዎች ተሰባስበን ሁለት የእንፋሎት ባቡሮችና የሚያድሩበትን የድንጋይ ቤት ከመፍረስ አዳንን። ቅዳሜና እሑድ እንግዳ እናሳፍራለን፤ በሌላው ቀን ቅባት እንጠርጋለን። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ሚስቴ «እዚያ ከምትውል የወጥ ቤቱን ቧንቧ ብትጠግን ምናለ» እያለች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል።

ማደሪያው ረጅምና ጨለማ ነው። በምሥራቅ በኩል ከግድግዳው ጫፍ ላይ አምስት መስኮቶች አሉ፤ ከጥላሸት ብዛት ብርሃን የሚያሳልፉት ሲፈልጉ ነው። በየካቲት ወር፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ያውም በኛ አገር ከጠራ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ፀሐይዋ ከኮረብታው በላይ ብቅ ትልና በሦስተኛው መስኮት ትገባለች። ከዚያ ጭሱን ሰንጥቃ አሮጊቷ ላይ ትወርዳለች። አሮጊቷ የምንላት ትልቋን ባቡር ነው። ፀሐይዋ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ትቆይና ትሄዳለች። ሬጅ ዓመት የሚጠብቀው ይቺን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነበር።

ፍላሽ አይወድም። «ፍላሽ ፖሊስ አደጋ ቦታ የሚጠቀምበት ነው» ይላል። በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ ተክሎ፣ ለግማሽ ደቂቃ ከፍቶ ይተወዋል። ጨለማው ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ የቆመ ነገር ሁሉ ፎቶው ላይ ይወጣል፤ የሚንቀሳቀስ ግን አይታይም፣ ጭራሽ እንዳልነበረ ነው የሚሆነው። ሬጅ ደግሞ ባቡሩ ላይ ሰው ማየት አይፈልግም። ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ ሁላችንንም እንደ ዶሮ ያባርረናል። «ውጡ! ውጡልኝ! ትሬቨር፣ ያን ቂጥህን ይዘህ ውጣ!»

የማይባረር ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሷም ዶሪን ሱትክሊፍ ናት። ዶሪን ድሮ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ እኛ ጋ ከመጣች ጀምሮ ሥራዋ እሳት ማንደድ ሆነ። የአሮጊቷ እሳት ገና ሳይነጋ ተለኩሶ እስኪበረታ አራትና አምስት ሰዓት ይፈልጋል፤ በዚያ መሀል ጥለውት አይወጡም። እናም ሁለቱ ተስማሙ፤ ዶሪን ከሰሏን እያመላለሰች ትሠራለች፣ ግን አትቆምም።

«አትቁሚ፣ ዶሪን!»

«መቼ ቆምኩና? የተገተርከው አንተ!»

«ቀስ ብለሽም አትሂጂ!»

«ስልሳ ዓመት አልፎኛል እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ልሩጥልህ?»

አካፋዋን ይዛ በካሜራው ፊት ወዲያ ወዲህ ትላለች። ፎቶው ሲታጠብ ባቡሩ አለ፣ ብርሃኑ አለ፣ ዶሪን የለችም። ሲብስበት ደግሞ «ዶሪን፣ ትንሽ ጭስ» ይላታል፤ ብርሃኑ ያለ ጭስ መስመሩ አይታይምና። ቅባት የነካው እርጥብ ጨርቅ እሳቱ ላይ ትወረውርለታለች፤ እኛ ውጭ ሆነን ስንስል እንውላለን።

የተበላሸበትን ፎቶ አይወድም። ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ በትንሽ ፖስታ ይከትና፣ ላዩ ላይ በቀይ እርሳስ ኤክስ ያደርግበትና፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለዶሪን ይሰጣታል። «ለእሳቱ» ይላታል። «እሺ ጌታዬ» ትልና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትከተዋለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ተጣሉ፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ይሆነዋል። እንደዚያ ቀን ያለ ብርሃን ሬጅ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም ይላል። ካሜራው ገና እንደተከፈተ ዶሪን ቀጥ ብላ ቆመች፣ ያውም መሀል ብርሃኑ ውስጥ።

«ዶሪን!» ብሎ ጮኸ፣ እኔ ውጭ ሆኜ ሰማሁት። «ምን ነካሽ?»

እሷም ወደ መስኮቱ አንጋጣ፣ ሳትዞር መለሰችለት። «ምን እንደምታይ ልየው ብዬ ነው።»

«አበላሸሽው!»

«ዓመት ሙሉ ሳመላልስልህ ቆይቼ አንዴ ባይ ምን አለበት?»

ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ አልተነጋገሩም። ሻይ ስታፈላ ለሁላችን ቀድታ የሱን ኩባያ ባዶውን አጠገቡ ታስቀምጥለት ነበር። በኋላ እሱ ከገበያ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ገዝቶ መጣና፣ ምንም ሳይል አካፋዋ አጠገብ አስቀመጠው፤ በዚያው ታረቁ።

ዶሪን ባለፈው ጥር ሞተች። ሳንባዋ ነው። እሳት ማንደዱን እኔ ከተረከብኳት ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ልጇ ጂሊያን ወደ ማደሪያው መጣች። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል፤ ሬጅን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አጎቴ ነው የምትለው።

«አጎቴ ሬጅ፣ ዓርብ እንቀብራታለን» አለችው። «ሬሳ ሣጥኑ ላይ የምናስቀምጠው ፎቶ እፈልጋለሁ። የሰርጓን ላድርግ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን እምቢ ብላ ነው የሞተችው። በሥራ ልብሴ፣ ከአሮጊቷ ጋር ያለሁበት ይሁን አለችኝ። ማደሪያው ውስጥ አለ፣ ሬጅ ነው ያነሳው ብላኛለች።»

ሬጅ «አለ» አላት። «ለዓርብ አደርሰዋለሁ።»

ጂሊያን እንደወጣች ፊቱ አመድ ሆነ። «ምንድነው የምሰጣት?» አለኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ነው እኮ ያነሳሁት፣ ትሬቨር። አንዱም ላይ የለችም።»

«ፈልግ እንጂ» አልኩት።

ፈለገ። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን። ቤቱ ብሄድ ወለሉ ላይ የሚረገጥበት ቦታ አልነበረም። ስምንት ሣጥን ፎቶ ዘርግቶ፣ በአጉሊ መነጽር እያንዳንዱን ጥግ ያያል። አሮጊቷ ከፊት፣ አሮጊቷ ከኋላ፣ አሮጊቷ በብርሃን። እጅ የለም፣ ጥላ የለም። አንዱ ላይ አካፋዋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እሷ ግን የለችም።

«ያ የተጣላችሁ ቀንስ?» አልኩት። «ቆማ ነበር እኮ።»

«እሱንማ አቃጠልኩት» አለ። «ራሷ ናት ያቃጠለችው። ከታረቅን በኋላ በእጇ ሰጠኋትና ለእሳቱ አልኳት።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀና እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ። «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

እውነቱን ለመናገር ተናድጄበት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጂሊያን የእናቷን ዕቃ እንድሰበስብላት ጠየቀችኝና፣ ዶሪን ማደሪያው ውስጥ የነበራትን የብረት ቁም ሣጥን ከፈትኩ። ጓንት፣ የራስ ሻሽ፣ ግማሽ ፓኬት ሻይ። ከታች አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ክዳኑ ላይ በፕላስተር ወረቀት ተለጥፏል፤ ጽሑፉ የሷ ነው። «የሬጅ ነው። እንዳይጣል።»

ከፈትኩት። ውስጡ ትንንሽ ፖስታዎች ታጭቀዋል፣ ሁሉም ላይ ቀይ ኤክስ አለ። አንድም አላቃጠለችም።

ሬጅን ጠራሁት። ሲሮጥ መጣ፤ በሰባ ስምንት ዓመቱ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ኔጋቲቮቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አቅንቶ ማየት ጀመረ። ድመት። እርግብ። የኔ ቂጥ። እኔ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም። ሃያ ምናምነኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ትሬቨር» አለኝ፣ «ያዘው፣ እየው፤ እሷ ናት።»

በዚያው ቀን አጠበው። ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሬሳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ዶሪን በሽርጧ፣ አካፋዋን ተደግፋ፣ አሮጊቷ ከኋላዋ፣ ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች። ብርሃኑ ያረፈው ባቡሩ ላይ ሳይሆን እሷ ላይ ነው። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ሳትንቀሳቀስ ቆማለት ኖሯል፤ የዓይኗ ሽፋሽፍት እንኳ ይቆጠራል።

ጂሊያን ጉንጩን ሳመችው። «እንዴት የሚያምር ፎቶ ነው፣ አጎቴ ሬጅ።»

«እኔ ተበላሽቷል ብዬ ጥዬው ነበር» አላት። ከሰው ሁሉ ፊት ነው ያለቀሰው።

በተከታዩ የካቲት፣ አንድ ጥርት ያለ ቅዳሜ፣ ሬጅ ካሜራውን ተክሎ ሦስት ሰዓት ከሩብን ይጠብቅ ነበር። ሌሎቹ ለምደውታልና ሳይባረሩ ወጡ። እኔ እሳቱ አለብኝና ቀረሁ፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ከሰል በአካፋዬ ይዤ፣ ዶሪን እንደምታደርገው፣ ፈጠን ፈጠን እያልኩ በፊቱ አለፍኩ።

«ትሬቨር» አለ።

«እየሄድኩ ነው፣ እየሄድኩ ነው!»

«ቁም።»

«ፎቶህ ይበላሽብሃል እኮ።»

«ይበላሽ» አለኝ።

አካፋዬን ተደግፌ ቆምኩ፤ ወደ ሦስተኛው መስኮት ቀና ብዬ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ።