የሙሽራዋ መኪና ቀይ መብራት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ቤዛ የመኪናዋን የዳሽቦርድ መብራት አስቀይራ መጣች። ቤዛ ንፋስ መውጫ ላይ የእንስሳት መድኃኒት ትሸጣለች፤ ገበያ ለገበያ የምትዞርባት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና አለቻት። ከመሪው ፊት ያሉት ቆጣሪዎች ድሮ አረንጓዴ ነበር የሚበሩት። አሁን ፍም መስለዋል። «አያምርም አባዬ?» አለችኝ። ከመኪናዋ ወረድኩ። ቤት ገብቼም መቀመጥ አቃተኝ፤ ደጅ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። እንዲህ ቀልቶ የበራ ቆጣሪ ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም ነበር።

ልጅ እያለሁ ታላቅ እህቴ ትርንጎ ወደ ስማዳ ተዳረች። ሙሽራ በበቅሎ መሄዷ እየቀረ፣ መኪና መከራየት ወግ ማዕረግ የሆነበት ጊዜ ነው። የሙሽራው ወገኖች ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ አንድ የጭነት መኪና ይዘው መጡ። ዘፋኙና አጃቢው ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣ። ትርንጎን ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጧት፤ ብቻዋን እንዳይከፋት ብለው እኔን ከአጠገቧ ሸጎጡኝ፤ በሩ ጋ ደግሞ ሚዜው ተቀመጠ። የናፍጣው ሽታ፣ ከፀጉሯ የሚወርደው ቅቤና የአዲስ ልብሷ ሽታ ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

የዚያን ጊዜ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ፣ ዓይነ ርግቧን ጥላ ትቀመጣለች። አማቶቿ ቤት እስክትገባ ድረስ ቃል አትተነፍስም። የተናገረች እንደሆነ ዓይን አውጣ ትባላለች፤ ስሟም ከእሷ ቀድሞ እዚያ ቤት ይገባል። ትርንጎ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ የመከረቻት ይህንኑ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን አልጨርስ አሉ። ሾፌሩ ሞላ አፉ ሥራ መፍታት የማይወድ ሰው ነበርና እኔን ይዞ ቆጣሪዎቹን አንድ በአንድ ያሳየኝ ጀመር። «ይቺ ነዳጅ ናት። ይቺ ደግሞ የውሃው ሙቀት። መርፌዋ ይህን ቀይ መስመር ከነካች ሞተሩን ቅበረው በለው» አለኝ። እኔ ልቤ ከኋላ ዘፈኑ ጋ ነበር። አንገቷን የደፋችው ትርንጎ ግን ዓይኗ ያረፈው እዚያው ቆጣሪ ላይ ነበር፤ ሌላ የምታየውም አልነበራትም።

ልንነሣ ስንል መሸትሸት አለና ሞላ መብራት አበራ። ለመሰናበት አንገቷን በመስኮት ያስገባችው አክስቴ እንጉዳይ በድንጋጤ ጮኸች። የቆጣሪው አረንጓዴ ብርሃን በዓይነ ርግቡ ሥር ገብቶ የትርንጎን ፊት አጥቁሮታል።

«ልጄን ሬሳ አስመሰላችኋት! ወይኔ፣ በዚህ መልክ አማቶቿ ሊያዩዋት ነው?»

«እሜቴ፣ መብራቱ ነው እንጂ ልጅቷማ ደህና ናት» አለ ሞላ።

«እንግዲያው አጥፋዋ!»

«አጥፍቼማ ምኑን አይቼ እነዳለሁ?»

«ምላስህን ነዋ የምትነዳው፣ ምን ቸገረህ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አክስቴ ግን ከመስኮቱ ንቅንቅ አልል አለች። በመጨረሻ ሚዜው ለልጆች ከያዘው ከረሜላ ቀይ ላስቲኩን ላጠ፤ ሞላም ቆጣሪውን ፈትቶ አምፖሎቹን በዚያ ጠቀለላቸው። እንደገና ሲያበራው የትርንጎ ፊት ያፈረች ልጅ ፊት መሰለ። እልልታው ቀለጠ፣ እኛም ተነሣን። በቆጣሪው ነጭ መደብ ላይ የነበረው ቀይ መስመር በቀዩ ብርሃን ተውጦ መጥፋቱን ማንም ልብ አላለም።

ዳገቱ መካከል ላይ ትርንጎ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሆድ ብሷት መሰለኝና እጇን ያዝኩላት። ደግማ ቆነጠጠችኝ፤ በአገጯ ወደ ፊት ትጠቁመኛለች፤ እኔ ምንም አልገባኝ። ሞላ ከሚዜው ጋር ወሬ ይዟል፤ ቆጣሪውን አየት ያደርጋል፣ የሚያስፈራ መስመር አያይም፣ ወሬውን ይቀጥላል። ትርንጎ አንዴ ትንፋሿን ትስባለች፣ መልሳ ትውጠዋለች። በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ መስመሩ የነበረበትን ቦታ በልቧ ይዛው ነበር፤ መርፌዋ አልፋዋለች።

«ቁም! ውሃው ፈልቷል!» ብላ ጮኸች ትርንጎ።

ሞላ ከድንጋጤው የተነሣ ፍሬኑን ረገጠ። ከኋላ ዘፈኑ ተቋረጠ። የሞተሩን ክዳን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን ሊልጠው ምንም አልቀረው። «እሷ ባትናገር ሞተሩ እዚሁ ይቆም ነበር፤ በዚህ ዳገት ወደ ኋላ መሄዳችን ነበር» አለ። ለሚዜው ግን የታየው ሌላ ነገር ነው። «ሙሽራ ተናገረች!» እያለ ለኋለኞቹ አወራ። ውሃ ከወንዝ ተቀድቶ፣ ሞተሩ በርዶ እስክንነሣ ድረስ የሚያንሾካሹከው ብዙ ነበር። ትርንጎ መልሳ አንገቷን ደፋች።

ሞተሩ እስኪበርድ በእግር የቀደሙ አጃቢዎች ነበሩና ወሬው እኛን ቀድሞ ገባ። አማቷ የተቀበለቻት በተቋጠረ ፊት ነው። በመልሱ ጊዜ ቤታችን ስትመጣ አባቴ ለብቻዋ ጠራት፤ እኔ በሩ ሥር ነበርኩ።

«በሰው ፊት ጮኸች ሲሉ ሰማሁ። አላፈርሽም?»

«አፍሬያለሁ አባዬ። ግን መኪናው ሰው ጭኖ ነበር።»

አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ትርንጎም ከዚያ ነገር በቀላሉ አልወጣችም። በወገዳ ገበያ «ሾፌሯ፣ ዛሬስ ውሃው አልፈላም?» የሚሏት ሰዎች ልጆቿ ካደጉ በኋላም ነበሩ። እሷ እንደ ቀልድ ትስቅላቸዋለች፤ እኔ ግን ያንን ሳቅ ወድጄው አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለቤዛ ነገርኳት። «አባዬ፣ የዛሬ መኪና ሲሞቅ ራሱ ይጮሃል እኮ» አለች። እውነቷን ነው። መኪናው ተምሯል። እኔ ግን ልጆቼን ያሳደግኳቸው «ስትጠየቁ ብቻ ተናገሩ» እያልኩ ነው፤ የትርንጎን ነገር እያወቅሁ። ጨዋ ልጅ ማለት ዝም የሚል ልጅ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነው፤ የቀረውን ከመጽሐፍ ብቻዬን ለቃቅሜያለሁ፤ ይህችን ግን ከመጽሐፍም ሳላገኛት አረጀሁ።

እሑድ ዕለት ትርንጎን ለመጠየቅ ከቤዛ ጋር ወደ ወገዳ ወረድን። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ቤዛ መሪውን ይዛ ትቸኩላለች። ቁልቁለቱ ላይ የበሩን መያዣ ጨበጥኩ። አባት ፈራ እንዳይባል ነው ዝምታዬ።

«አባዬ፣ በሩን ሊነቅሉት ነው እኮ! ምን ሆነው ነው?»

«ምንም።»

«ፈርተው ከሆነ ይናገሩ። እኔ መንገዱን እንጂ እርስዎን አላይም።»

በእኛ ጊዜ አንዲት ልጅ «ተናገሪ» የሚላት ሰው አላገኘችም። ትርንጎ ያችን ቃል ለማውጣት ዳገቱን ሙሉ ታግላለች፤ ዋጋዋንም ዕድሜዋን ሙሉ ከፍላለች። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የገዛ ልጄ እየለመነችኝ እንኳ አንድ ኩርባ አሳለፍኩ።

«ቀስ በይ» አልኳት።

ቀስ አለች።