የቀረ ሰው ድርሻ

እናቴ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ የጨርቅ ሱቆቹ በሚያልቁበት መታጠፊያ ላይ፣ ምሳ የምትሸጥባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻት። ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ሌላ አትሠራም። ሥጋ ከገባ ትሪው በሃይማኖት ይከፈላል፤ ክርስቲያኑ ተሸካሚ ወደዚያ፣ እስላሙ የሱቅ ሠራተኛ ወደዚህ ይሆኑና ያለችን አግዳሚ አትበቃም። ስለዚህ ሁሉም አብሮ የሚበላውን ብቻ ትሠራለች። አራት አምስት ሆነው አንድ ትሪ ይከባሉ። ከመካከላቸው አንዱ ዕቃ ሊያደርስ ሄዶ ከዘገየ፣ ከእንጀራው ዳር ቆርሰው፣ ወጥ ጨምረው ጠቅልለው፣ ሳህን ይከድኑበታል። ይህን የሚያዝ ሰው የለም። እጅ ከመታጠብ እኩል የተለመደ ነገር ነው።

ይህን የማይወድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ባሕረኛው እንለዋለን። አውቶቡስ ተራ አካባቢ በተከራየው ክፍል ይኖራል፤ የጭነት መኪና ሸራ በመስፋት ይተዳደራል። ወጣትነቱን ከአሰብ ተነሥቶ በውጭ አገር መርከቦች ላይ፣ ሀብታሞች ለሽርሽር በሚሳፈሩባቸው ላይ፣ ሳህን ሲያጥብና አልጋ ሲያነጥፍ ነው የጨረሰው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ተመልሶ መጣ። አሰብም ብዙ ሳይቆይ የሌላ አገር ሆነ።

ትሪው ከመቅረቡ በፊት ባሕረኛው ዙሪያውን በዓይኑ ይለካና «ማን ቀረ?» ይላል። የቀረ ሰው ካለ አይበላም። አንድ ሰው እስከ መንገዱ ወጥቶ እንዲያይ ያደርጋል።

«ጋሼ፣ እዚህ ባሕር የለም» ይለዋል አንደኛው ተሸካሚ፤ አንገቱ ወፍራም፣ አፉ የማያርፍ ሰው። «ቢበዛ የሚሰምጠው ጭቃ ውስጥ ነው። እሱም እስከ ጉልበቱ።»

«ይቅር ጋሼ! የእሱ ድርሻ ለእኛ ይተርፈናል» ይላል ሌላው።

ባሕረኛው አይስቅም፤ በሩን ያያል። ሰውየው ላቡን እየጠረገ ሲገባ ብቻ ነው እጁን ወደ ትሪው የሚሰደው።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመት እየሞላኝ ነበር። ቀን ትሪ አመላልሳለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ግጥም እጭራለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ስለ ባሕር የጻፍኩት ሁሉ ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ከሚሞላው የመርካቶ መንገድ የተወሰደ ነው። የባሕረኛውን «ማን ቀረ?» ግን ስሰማ ጀርባዬን ይበርደኝ ነበር። የሚጠይቀው ስለ ተሸካሚዎቹ እንዳልሆነ ይታወቀኛል።

ታላቅ እህቴ የሆቴል ሙያ ተምራ አልጋ ክፍል ታጸዳ ነበር። አንድ ቀን አንድ ደላላ ይዟት መጣ፤ አውቶቡስ ተራ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው፣ ከረባቱ የማይላቀቀው ሰው ነው። ወሬው መርከብ ነበር። ሁለት አማራጭ አለ አለ። አንደኛው ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ነው፤ ሲኒማ ቤት፣ መዋኛና የገበያ አዳራሽ ያለው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ትላልቆቹ የማይገቡባቸው ደሴቶች ድረስ እየገባ ጥቂት መንገደኛ የሚያንሸራሽር። የትልቁ ውል ዝግጁ ነው። የትንሹ ባለቤት መርከቡን ልሽጥ አልሽጥ እያለ ገና እያመነታ ነው። መልሷን እስከ ጁምዓ ድረስ ማሳወቅ አለባት።

ያን ቀን ምሳ ላይ የባሕር ጉዳይ የማያገባው ሰው አልነበረም።

«ትንሽ መርከብ አለቀለት» አለ ደላላው። «ዓለም ወደ ትልቅ እየሄደ ነው። ይኼ መደዳ ራሱ ሊፈርስ አይደል? በቦታው ፎቅ ይቆማል። ትንሽ ሱቅ፣ ትንሽ መርከብ፣ ሁሉም አንድ ነው።»

«ልክ ነው፣ እንደ ውይይት ታክሲ» አለ አንገተ ወፍራሙ። «ውይይት ላይ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ፣ ጉልበት ለጉልበት ተጋጭቶ ነው የሚሄደው። አንዱ ቢወርድ ሁሉም ያውቃል። ማን ይፈልገዋል አሁን? ሁሉም ወደ ሚኒባስ።»

«ለልጄ ውይይቱ ይሻለኛል» አለች እናቴ ከምድጃው ሳትነሣ። «የሚያያት ሰው ይኑር።»

«እትዬ፣ ትንሹ እኮ ነገ ቢሸጥ ልጅዎ ወደብ ላይ ነው የምትቀረው!» አለ ደላላው።

እህቴ ወደ ባሕረኛው ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ሁለቱም ላይ ሠርተዋል። የቱ ይሻለኛል?»

እሱም ያወራው ከዚያ በፊት ማንም ያልሰማውን ነው።

መጀመሪያ የሠራው ትንሽ መርከብ ላይ ነበር። «ሰው ካስነጠሰ ካፒቴኑ ይማርህ የሚልባት ዓይነት» አለ። አምስት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ አንዱ አብሮ አደጉ። ባለቤቱ መርከቧን ሸጠና አምስቱም ወደ ትልቁ ተዛወሩ። እዚያ የሠራተኛው መኝታ ከውኃው በታች ነው፤ ምግብ በፈረቃ ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛል። አምስቱ ግን የመብል አዳራሹ ጥግ ያለች አንዲት ጠረጴዛ ያዙ። ፈረቃ ሲፈቅድ እዚያች ይገናኛሉ።

«አንድ ቀን አብሮ አደጌ ቀረ» አለ። «ፈረቃው ተቀይሮ ይሆናል አልን። እኔ ዳቦና ሥጋ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩለት። በሚቀጥለውም ምግብ ቀረ፤ አሁንም ጠቀለልኩ። ሦስቱም ጓደኞቻችን ለየብቻቸው ጠቅልለውለት ኖሯል፤ አልተነጋገርንም። እዚህ ቤት እንደምታደርጉት። አለቃው መጥቶ የት አለ ሲለን ሁላችንም እጃችንን ኪሳችን ከተትን። ለአንድ ሰው አራት ድርሻ አስቀምጠንለታል። የጮኸለት ግን የለም። መርከቡ ያኔ ወደቡን ለቆ ወጥቷል። ባሕር ገብቷል ብለው መዝገባቸው ላይ ጻፉ። ማንም አላየውም።»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

«ብንጮህስ» አለ ባሕረኛው እንደ መቆጣት ብሎ፣ የሚከራከረው ሰው ሳይኖር። «ምን ልናደርግ ነበር? የበሩ ብዛት ስፍር የለውም። ያን በሚያህል ነገር ውስጥ ሰው ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። አይቻልም!»

ወደ እህቴ ተመለሰ። «ትንሹ ይሸጣል፤ ደላላው አልዋሸሽም። የሚቀጥለው ትልቁ ነው። ከሄድሽ አብረውሽ የሚበሉ ሰዎች ያዢ። ከመካከላችሁ አንዱ ከቀረ ድርሻውን እንዳታስቀምጪለት። ተነሽና ጩኺ።»

እህቴ ትልቁን መረጠች። እናቴ እያለቀሰች ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ ቋጠረችላት። የትንሹ መርከብ ባለቤት እንደተባለውም ሸጠ፤ ደላላው ይህን የነገረን እየተኩራራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ መርከብ ላይ የጠፋው፣ ያላየሁት ሰው ቤታችን ገባ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጁምዓ ቀን ሶላት ከመስጊዱ ሞልቶ መንገዱ ላይ ይፈሳል። ሰልፉ ትከሻ ለትከሻ ነው። አንዱ ቦታውን ቢለቅ የኋላው ወደፊት ይራመድና ክፍተቱን ይሞላል፤ እንዲያ ነው ሥርዓቱ። እኔም ስንት ጊዜ ሞልቻለሁ። ያን ሰሞን ግን በሞላሁት ቦታ ላይ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ ስደፋ፣ ከእኔ በፊት እዚህ የቆመው ማን ነበር፣ የት ሄደ እያልኩ ሶላቱ ይጠፋብኝ ነበር። በየሸራው ጥቅል ሥር፣ በተዘጋ መጋዘን ሁሉ ውስጥ ያ ሰው ያለ ይመስለኝ ጀመር። ግጥም ልጽፍለት ሞከርኩ። አንድ ስንኝ ይሆንልኛል፤ ቀጣዩ ላይ ስደርስ ግን ሰውየው ፊት የለውም። ካርቶኑን ቀድጄ እሳት ማያያዣ አደረግኩት።

እህቴ መርከቡ ወደብ በነካ ቁጥር ጎረቤታችን ባለው የጨርቅ ሱቅ ስልክ ትደውል ነበር። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። አንድ ቀን ምሳ ሲቀርብ እናቴ ከእንጀራው ቆረሰች፣ ሽሮ አድርጋ ጠቀለለች፣ በሳህን ከድና ከምድጃው አጠገብ አኖረችው። በማግስቱም ደገመችው። ማታ ላይ የደረቀውን እንጀራ ራሷ ትበላዋለች።

ባሕረኛው አየ። ተነሥቶ ሳህኑን ገለበጠው። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ አትክደኚላት! ልጅሽን ፈልጊ!»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ሽርጡን ጥዬ ሮጥኩ። ደላላው ቢሮው ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ወንድሜ፣ መርከቡ እኮ ከተማ ነው» አለኝ። «ከተማ ውስጥ ሰው ይጠፋል እንዴ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እስኪያጣራ ድረስ ከዚህ አልነሣም አልኩት። ሳቀብኝ፤ ደንበኞቹ ሲመጡ አፈረብኝ፤ ተሳደበ። ቢሮው ሲዘጋ ወጣሁ፤ ሲከፈት ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንገተ ወፍራሙ ተሸካሚም ሥራውን ትቶ መጥቶ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በሩን ሞልቶ ቆመ። ያኔ ደላላው ስልኩን አነሣ።

የእህቴ ስልክ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ነው። የጨርቅ ሱቁ ሠራተኛ «ኧረ ልጅቷ! ልጅቷ!» እያለ ሲመጣ እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ሮጠች። ስታለቅስ፣ ስትረግማት፣ ስትመርቃት ቆየች። እህቴ ባሕረኛውን ስጡኝ አለች። የስልኩ ድምፅ ኃይለኛ ስለሆነ አጠገቡ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

«ጋሼ፣ የሥራ ቦታዬን ለውጠውኝ ስልክ የሚደወልበት ሰዓት ሲያልፍብኝ ነው፤ ይቅርታ። አንድ ነገር ልንገርዎት። እንዳሉኝ አደረግኩ።»

«ምኑን?»

«ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛ ልጅ አለች፤ አብረን ነው የምንበላው። ለቁርስ ቀረች። ለምሳም ስትቀር ሌሎቹ ዳቦ ሲያስቀምጡላት አየሁ። እኔ ግን ጮህኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ፈረቃዋ ይሆናል አሉኝ። አለቃው እስኪመጣ ጮህኩ። በር በበሩ ከፈትነው። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ተቆልፎባት፣ ራሷን ስታ አገኘናት። ተርፋለች ጋሼ! በእርስዎ ነው የተረፈችው!»

ባሕረኛው የስልኩን እጀታ በሁለት እጁ ይዞታል።

«ትልቁ መርከብ ላይ?» አለ።

«አዎ፣ እሱው ላይ።»

«ሁሉንም በር?»

«ሁሉንም። ከምሳ እስከ እራት ፈጀብን።»

«ከምሳ እስከ እራት» አለ። ስልኩን ለእናቴ አቀበላትና ወጣ።

ቤታችን ገብቶ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር። ተሸካሚዎቹ እየሳቁ ትከሻውን መቱት። «ጋሼ፣ እዚህ ተቀምጠው ባሕር ላይ ሰው ያድናሉ!» «ከዛሬ ጀምሮ ካፒቴን ነዎት!» እኔም እየሳቅኩ ትሪውን አቀረብኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ፊቱን ያየሁት ትሪውን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

«ይቻል ነበር ማለት ነው» አለ።

ሳቁ ከአንዱ ወደ ሌላው እያለ ጠፋ። ማንም እጁን አልሰደደም። ሁሉም የለመዱትን ጥያቄ ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን አይጠይቅም። በመጨረሻ ሲቀልድበት የኖረው አንገተ ወፍራሙ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልጅ በሆነ ድምፅ፣ «ማን ቀረ?» አለ።

ባሕረኛው ከእንጀራው ዳር ቆረሰ። ሽሮ ጨመረበት፤ ምስርም ጨመረበት። ጫፍና ጫፉን አጥፎ አጥብቆ ጠቀለለው፤ ሳህን ለመነኝና ሰጠሁት። ከትሪው ዳር አስቀምጦ ከደነው። ከዚያ «ብሉ» አለን።

ሰዎቹ በልተው ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ እሱም ወደ ሸራው ሄደ። እናቴ ትሪዎቹን አጠበች፣ አግዳሚውን ወለወለች፣ ወለሉን ጠረገች። ያችን ሳህን ግን አልነካቻትም። እኔም አልነካኋትም።