የሐርላው አፈር

ከዚራ ሰፈር ከተከራየሁት ክፍል ፖሊሶች ሲወስዱኝ ወንፊቶቼን፣ ማይክሮስኮፑንና ለጥናቴ ቀጥቅጬ ያደቀቅኩትን አንድ ከረጢት ድንጋይ አብረው ጫኑ። ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የድሬን ፀሐይ ጠጥቶ እኛ እስረኞቹ ላይ ይተፋዋል። በሩ ሥር ባዶ ጀሪካን። ውሃ ስጠይቅ ጠባቂው «ሲመጣ» ብሎኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው። እሱን ግን እርስዎ አልኩት፤ እንዳይቀርበኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ዱቄት ፈንጂ ነው። ያቀበለሽ ባለባጃጁ መሆኑን ብቻ ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

ባለባጃጁ አዴር የምለው ሽማግሌ ነው፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት። ድንጋዩን ከከተማው ወጣ ካለችው ከሐርላ መንደር ሲያመጣልኝ «አንቺ ልጅ፣ ከተማው ውስጥ ድንጋይ ጠፋ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

«ፈንጂ አይደለም» አልኩ። «የጥንት ባሕር ፍጥረታት ዛጎል አለበት፤ በዓይን የማይታይ። ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ሲያድር ይፈርሳል። በወንፊት አጥቤ አደርቀውና ዛጎሉን በቀጭን ብሩሽ ጫፍ እለቅማለሁ።»

«ባሕር? ድሬ?» ሳቀ። «ዓሣ አጥማጅ ነኝ በይኛ!»

ክረምቱን ሙሉ የለቀምኳቸውን ዛጎሎች የደረደርኩበትን የማይክሮስኮፕ ስላይድ አነሳና «እነዚህ ናቸው?» ብሎ እፍ አለባቸው፤ ተበተኑ።

ከረጢቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ይሄኔ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ።

«ለሶላት ታጥቤ ውዱእ የማደርግበት ውሃ ይስጡኝ።»

«መጀመሪያ ስለ ሰውዬው ተናገሪ። ከዚያ ብትፈልጊ ትዋኛለሽ።»

ውሃ ላጣ ሰው አላህ አፈርን ፈቅዷል። ቢስሚላህ ብዬ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ባለው የሐርላ አፈር መታሁ። አቧራው ቦነነ። ፊቴን አበስኩ። ደግሜ መትቼ እጆቼን እስከ ክርኔ።

«ፈንጂ ከሆነ ይፈንዳ» አልኩት።

ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም። ያኔ ገባኝ፤ አፈር መሆኑን ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር።

እዚያው ጥግ ላይ ሰገድኩ። ስለ አዴር ቃል አልወጣኝም። ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ፤ አዴርንም አልነኩትም።

አሁን ባለሁበት አገር ቧንቧው ሙቅ ውሃ ይሰጣል። የሰው አገር ድንጋይ አጥባለሁ፣ እለቅማለሁ። መርማሪውን ይቅር በይው ይሉኛል። ዱዓ ሳደርግ የበደሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ አነሳለሁ፤ እሱ ጋ ስደርስ አፌ ይያዛል።

ተሳስቶ ቢሆን ይቅር እለው ነበር።