አቤት የማይባልለት ጥሪ

እርጥብ በርኖስ ሲሸተኝ ዛሬም ብርድ ብርድ ይለኛል። ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ሲያራግፉ፣ ያ የበግ ጠጉር፣ የጭስና የዝናብ ቅልቅል ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ እንደ ሞኝ ተገትሬ ቀረሁ። መኪናው ጥሎኝ ሄደ።

ቤታችን ከአምበር ከተማ ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ ሽቅብ እየወጣ፣ መጀመሪያ ባሕር ዛፉን፣ ቀጥሎ አጥሩን፣ በመጨረሻም ደጃፋችን ላይ የታሰረውን ጥጃ ይውጠው ነበር። ጉም ድምፅ ያሳስታል፤ ሩቅ ያለው ጆሮህ ሥር፣ ቅርብ ያለው ከመሬት በታች የሚናገር ይመስላል። በዚያ ሰዓት እኛ ልጆች ከበር ወዲያ አንልም ነበር፤ ልባችን ቢፈቅድ እትዬ ደብሬ አይፈቅዱልንም።

እትዬ ደብሬ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሟቹን በርኖስ ይዘው መጥተው ምሰሶው ላይ ሰቀሉትና ከእኛው ጋር ይኖሩ ጀመር፤ በርኖሱን ማንም አይነካውም ነበር። ደግ ነበሩ፣ አልዋሽም፤ ብቻ ከእግዜር ይልቅ ሰይጣንን በቅርብ የሚያውቁት ይመስሉኝ ነበር። አመሻሽ ላይ በጉም ውስጥ ስማችሁ ከተጠራ፣ ሦስተኛውን ሳትሰሙ አቤት እንዳትሉ፣ ይሉን ነበር። ክፉው ሁለቴ ይጠራል፤ ሦስተኛውን ግን ስመ ሥላሴን ፈርቶ አይደፍርም፤ ቀድሞ አቤት ያለ ሰው ዓመቱን አይጨርስም። አገሩም ያምንበት ነበር። እናቴ ስትሰማ ዝም ትላለች፤ የእናቴ ዝምታ ደግሞ እሺታ አልነበረም።

ከአጥራችን በታች፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ከወሎ ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪ ብቻውን ይኖር ነበር። እኔ ገና ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ሲያልፍ ብቻ ነበር የማየው። ሙስሊም ስለሆነ ሥጋችንን አይበላም ብለን ለዝክር አንጠራውም፣ ስላልጠራነው አይመጣም፣ ስለማይመጣም ኩሩ ነው ተባለ። ማንም ክፉ አልሠራበትም፤ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ማንም ደግ አልሠራለትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እያልን የምንተርተው ሰዎች ስሙን እንኳ አናውቅም ነበር።

በሰኔ ማለቂያ አባቴ የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ ደብረ ኤልያስ ሄደ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ እናቴ ሽሮ እያማሰለች፣ እኔ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከወንዙ በኩል «ጥሩወርቅ!» የሚል ድምፅ መጣ። የእናቴ ስም ነው። ድምፁ ግን የወንድም የሴትም አይመስልም ነበር። እትዬ ደብሬ አማተቡ። ጥቂት ቆይቶ ደገመ፤ «ጥሩወርቅ!»። ውሻችን ጆሮውን አቁሞ ወደ በሩ አየ እንጂ አልጮኸም።

ሦስተኛውን ጠበቅን። አልመጣም።

እናቴ ማማሰያውን አስቀምጣ ስትነሣ እትዬ ደብሬ ቀሚሷን ጨምድደው ያዙና ልጅሽን ያለ እናት አታስቀሪ ብለው ለመኗት። እናቴ ቀስ ብላ እጃቸውን አላቀቀች።

«ትንፋሹ ለሦስተኛው ያልበቃ ሰው ቢሆንስ፣ እትዬ?» አለች። ከዚያም በሩን ከፍታ «አቤት!» አለች።

እኔ እዚያው የሞተች መሰለኝ። እሷ ግን የሟቹን በርኖስ ከምሰሶው አውርዳ ደረበችና ወጣች፤ ጉሙም እንደ ጥጃው ዋጣት።

ሽሮው አረረ። ማናችንም ከእሳቱ አላወረድነውም። ብዙ ቆይቶ፣ ከጉሙ ውስጥ የኔ ስም ተጠራ። «ትርንጎ!» የእናቴ ድምፅ ነው፤ ደግሞም አይደለም፤ የከበደና የሚጎተት ነበር። እትዬ ደብሬ አፌን በመዳፋቸው ግጥም አድርገው ይዘው፣ የእናትሽን ድምፅ ይዞ ነው የመጣው፣ ዝም በይ፣ ብለው በጆሮዬ አንሾካሾኩ። «ትርንጎ፣ የት ናችሁ?» አለ ድምፁ እንደገና። አሁን ግን ራቅ ብሎ፣ በወንዙ ገደል በኩል ነበር። ያኔ ገባኝ፤ እሷ ከሆነች በሩ ጠፍቷታል፣ ወደ ገደሉ እየሄደች ነው። አቤት ብል እኔ እሞታለሁ፣ ዝም ብል እናቴ ትሞታለች። የእትዬ ደብሬን እጅ ነከስኩና «አቤት እማ! አቤት!» ብዬ ጮኽኩ። አላቋረጥኩም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ እትዬ ደብሬ ራሳቸው፣ እያለቀሱ፣ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው አብረውኝ አቤት ይሉ ጀመር።

እናቴ ድምፃችንን ይዛ መጣች። በበርኖሱ የተጠቀለለ ሰው በጀርባዋ አዝላ ነበር፤ መምህሩን። ከገበያ ሲመለስ አዳልጦት ቦይ ውስጥ ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ በብርድ ደርቆ ሊቀር ጥቂት ነበር የቀረው።

ክረምቱን በሙሉ እኛ ቤት ተኛ። ወጌሻው እግሩን በሸምበቆ አሰረለት፤ እናቴ ሳይሳቀቅ እንዲበላ አዲስ ድስት ለየችለት፤ የሟቹን በርኖስም እትዬ ደብሬ ራሳቸው ያለብሱት ነበር። ስሙ ሰይድ ነበር። ነፍስ የዘራ ዕለት እናቴ ስሜን ከማን ሰማህ ብላ ጠየቀችው። ግራ ተጋብቶ አያት።

«እኔ አልተጣራሁም እኮ» አለ። «እንደወደቅሁ ራሴን ስቻለሁ። ስምዎንም አላውቀውም ነበር።»

እትዬ ደብሬ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እናቴ ግን ምስር መልቀሟን አላቆመችም። «እንግዲህ ስሜን የሚያውቅ ጠርቶኛል» አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

መስከረም ሲጠባ ሰይድ በምርኩዝ መራመድ ጀመረ፤ በበጋው ወደ አገሩ ተዛወረ። እትዬ ደብሬ ግን እኔና እናቴ ባሳልን ቁጥር ፊታችንን እያዩ ያንን ዓመት በጭንቅ አሳለፉት። ዓመቱ ዞረ፤ አልሞትንም። ከዚያ ወዲያ ስለ ሦስተኛው ጥሪ አንድም ቀን አላነሡም። ጉም ሲወርድ ደጃፉ ላይ ቁጭ ይሉና፣ ማንም ሳይጣራ፣ ወደ ጉሙ «አቤት» ይሉ ነበር። እኔን ከዚያ ሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኸ ነበር።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። የጎረቤቶቼን ኮቴ ለይቼ አውቃለሁ፤ ማን ማለዳ እንደሚወጣ፣ የማን ሕፃን እንደሚያለቅስ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ግን አላውቅም። ያኔ ሦስት እስኪሞላ እንጠብቅ ነበር፤ መጠበቅም መስማት ነው። አሁን የሚጠብቅም የለም፤ በራችንን ዘግተን ስልካችን ላይ እናቀረቅራለን። ልጅ ሆኜ የምፈራው እንዳይጠራኝ ነበር፤ አሁን የምፈራው መጥራቱን እንዳይተው ነው።

ያ በርኖስ የሸተተኝ ዕለት አመሻሽ፣ ጉሙ መስኮቴን ሸፍኖት ሳለ፣ አላስቀምጥ ቢለኝ ደረጃውን ወጥቼ ከበላዬ የምትኖረውን ሴት በር አንኳኳሁ። ስምሽ ማነው ልላት ነበር፣ ሌላ ነገር አልነበረኝም። በሩን የከፈተችው ወጣት እናት ዓይኗ ቀልቶ፣ በትኩሳት የሚነድ ሕፃን ታቅፋ ቆማ ነበር።

«እርስዎ ነዎት እንዴ ስሜን ሲጠሩ የነበሩት?» አለችኝ። «አቤት ማለት ፈርቼ ነው።»

«አዎ የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ» አልኳትና ሕፃኑን ተቀበልኳት።