ጋሽ ስለዚህ እና ገጽ ዘጠኝ

የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ትምህርት ክፍል ታይፒስት ለሃያ ሁለት ዓመት የሒሳብ ጽሑፍ ስትመታ ኖራ አንዱም ገብቷት አያውቅም። ይህንንም ለመናገር አታፍርም። «የኔ ቃሉ ነው፤ ምልክቱ የጋሼ ነው» ትል ነበር።

እውነቷን ነው። የጽሕፈት መኪናዋ የሒሳብ ምልክት አልነበረውም። የክፍሉ አንጋፋ መምህር ጋሼ ጽሑፋቸውን በቃል እየነገሩ ሲያስመቷት፣ ቀመር ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉና የጠረጴዛዋን ጠርዝ በመሐል ጣታቸው ቆም እያሉ ይመታሉ። ሰባት ጊዜ ከመቱ የሰባት ፊደል ቦታ ባዶ ትተዋለች። ገጹ ሲያልቅ ባዶውን በሰማያዊ እስክሪብቷቸው ይሞሉታል። ሲናገሩ እጃቸው ላይ ወረቀት የለም፤ ዓይናቸው በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ከቆሙት ብስክሌቶች ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ቀመሩ ከቦታው ተርፎ ወይም ጎድሎ አይታ አታውቅም።

ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ስም «ጋሽ ስለዚህ» ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ይጽፉና «ስለዚህ» ብለው፣ ሌላ ሰው ደብተር የሚጨርስበትን መንገድ ዘለው መልሱን ያስቀምጡታል። «ጋሼ፣ በመሃል ምን ሆነ?» የሚል ደፋር ሲገኝ ከልባቸው ግራ ይገባቸዋል። «በመሃል? በመሃልማ ምንም የለም» ይላሉ።

ዝናብ በበዛበት ወር ሳንባቸውን ታመው አረፉ። የመጨረሻ ጽሑፋቸው ታይፒስቷ ዘንድ ቀረ። ስምንቱን ገጽ ሞልተውታል። በዘጠነኛውና በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን፣ «ስለዚህ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣ አንድ ባዶ ቦታ ነበር።

«ይህ ካልተሞላ አይታተምም» አለ የክፍሉ ኃላፊ። «የሒሳብ መጽሔቱ የሚጠብቀን እስከ ዓርብ ነው።»

ሰኞ ዕለት በሟቹ ቢሮ ተሰበሰቡ፤ ኃላፊው፣ የአርባ ዓመት ወዳጃቸው የጂኦሜትሪ መምህር፣ እሳቸው ያስተማሯት ወጣት መምህርት፣ ታይፒስቷም። ወንበሩ ላይ ካፖርታቸው እንደተንጠለጠለ ነው፤ እጅጌው በጠመኔ ነጥቷል። እሱን እያዩ ማን ሥራ ይጀምር!

«የፈተናውን ፕሮግራም ታስታውሳላችሁ?» አለ ኃላፊው። «ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ስብሰባ ላይ ሳነብ እሳቸው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። ስጨርስ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ፣ ‹ሐሙስ ከሰዓት ለሁለት ክፍል አንድ አዳራሽ ሰጥተሃል› አይሉኝ መሰላችሁ!»

«አእምሮውስ እንደዚያ ነበር፤ እግሩ ነው የሚገባበትን የማያውቀው» አለ የጂኦሜትሪ መምህሩ። «የታሪክ ተማሪዎች ክፍል ገብቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሒሳብ አስተምሮ ወጣ እኮ። ምነው ዝም አላችሁት ብላቸው፣ ‹ጥሞን ነዋ!› አሉኝ።»

ሳቁ።

በማግስቱ የጂኦሜትሪ መምህሩ ከስምንቱ ገጽ ተነስቶ ያሰላውን ቀመር ጽፎ ታይፒስቷ ፊት አስቀመጠ። «ይኸው፤ አስገቢልኝ።»

አየችው። «አይገባም።»

«እንዴት አይገባም?»

«ቦታው የአምስት ፊደል ነው። የእርስዎ ሁለት መስመር ይፈጃል።»

«ታዲያ አስፊዋ!»

«ጋሼ የመቱት አምስት ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ሰውየው ሳል እያጣደፈው ነው ያስመታሽ። ቆጠራው ቢምታታብሽስ?»

ይህ ቃል ልቧ ውስጥ ገባ። በእርግጥም ያን ቀን ሳሉ ነበረባቸው። ቆጠራው ከተሳሳተ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእሷ ነው፤ የጋሼም የመጨረሻ ቃል በእሷ ስሕተት ተጎድቶ ይወጣል፣ ወይ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ምሳዋን ሳትበላ መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና ጠርዙን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ትዝ አላት። ሦስተኛው ምት ላይ ሳል አቋርጧቸው ነበር። በመሐረብ አፋቸውን ጠርገው፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ከአንድ እንጀምር» ብለው እንደ አዲስ መቱ።

ሮጣ ለወጣቷ መምህርት ነገረቻት።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት? እኔ በዚህ ላይ ተማምኜ ነው የምሠራው።»

«በዓይኔ ብርሃን! አምስት ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ የጂኦሜትሪ መምህሩን ሁለት መስመር ወደ አምስት ፊደል ለማሳጠር ጠመኔ አነሳች። የጋሼ ቢሮ ሰሌዳ ሞልቶ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ሞላ። ታይፒስቷ በየሰዓቱ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች፤ ልጅቷ «ገና ነው» ትላታለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን «እትዬ!» የሚል ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው።

ከጂኦሜትሪ መምህሩ ሁለት መስመር ግራና ቀኙ እየተጣፋ፣ እየተጣፋ ሄዶ የቀረው ሁለት ፊደል፣ አንድ የእኩል ምልክት፣ አንድ የመደመር ምልክትና አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። የጂኦሜትሪ መምህሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሰሌዳው ላይ ሊለጠፍ ምንም ሳይቀረው፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ ተከተለ። ሲጨርስ ካፖርቱ በተንጠለጠለበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«የኔም ልክ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ግን ያን ሁሉ በልቡ አጣጥፎ ጨርሶታል። ብስክሌት እያየ!» በጠመኔ የነጣውን እጅጌ ዳሰሰ። «አርባ ዓመት ሳሾፍበት አንድም ቀን አልተቀየመኝም እኮ።»

ልጅቷ ባዶውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞላችው። ልክክ አለ። ታይፒስቷ በጣቷ ቆጠረችው፤ አምስት።

ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠ። «አንባቢ በመሃል ምን እንደሆነ አይገባውም። የልጅቷን ሥራ ማብራሪያ አድርገን አንድ ገጽ ብንጨምርስ?»

«ምንም አይጨመርም!» አለ የጂኦሜትሪ መምህሩ አፍንጫውን እየጠረገ። «እኛ ስንለፋ ኖረን የለም? እነሱም ይልፉ።»

«ጥያቄ ቢመጣ ማን ይመልሳል?»

«ሽኚ ደብዳቤው ላይ የልጅቷን ስም ጻፉ። እሱማ በሕይወት ቢኖርም አያስረዳችሁም ነበር!»

ታይፒስቷ እየሳቀች፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እያበሰች፣ የሽኚውን ደብዳቤ ለመምታት ወረቀት ወደ መኪናዋ አስገባች።