ኮዝሞ ሲቲ ድረስ ያስኬደኝ ባዶ ገጽ

ዓርብ ጠዋት ከተማው መሀል ካለው ሰፈሬ ከቤሪያ የተነሣሁት ስሜን ለማስመለስ ነው። ከከተማው ዳር፣ ኮዝሞ ሲቲ ውስጥ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ከድር ከአንድ ቀን በፊት ደውለው፣ «ጋሽ ታምራት፣ የትእዛዝ ገጹ ለደንበኞች እምቢ ብሏል። ነገ ከጁምዓ ሶላት በፊት ካልተስተካከለ ዘግተነው ወደ ደብተራችን እንመለሳለን» አሉኝ። ያ ገጽ የኔ ሥራ ነው። ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች መንደሮች ያሉ የስፓዛ፣ ማለትም የትንንሽ የሰፈር ሱቆች፣ ባለቤቶች ዘይትና ዱቄት በስልካቸው እንዲያዙበት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ብቻዬን ጽፌዋለሁ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ማንም አላስተማረኝም። ዱርንፎንቴን ሰፈር ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ ስሸጥ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ከባንኮኒው ጀርባ በአሮጌ ላፕቶፕ ራሴን አስተማርኩ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሱት ብዙዎቹ የኔን ያህል አይሠሩም፤ ይህን የምለው ሥራቸውን አይቼ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ራንክ እስከሚሉት ታክሲ ተራ በእግሬ ወረድኩ። ማግዊንያ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በሦስት ራንድ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ወደ ኮዝሞ ሲቲ ሃያ አምስት ራንድ ነው፤ ታክሲው እስኪሞላ ግን አርባ ደቂቃ ተቀመጥን። እኔም ስልኬን አውጥቼ የራሴን ሥራ ፈተሽኩ። የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተ። «ትእዛዝ» የሚለውን ነካሁ፤ እሱም ተከፈተ። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ምንም አልሆነም።

የጽዳት ሠራተኛ ልብስ የለበሰች ሴት ከጎኔ ተቀምጣ ትመለከተኝ ነበር።

«ምኩሉ፣ ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችኝ። ምኩሉ በዙሉ አያት ማለት ነው።

«ብቻዬን።»

«ታዲያ ፊትህ ምነው ጠቆረ?»

«ደንበኞቹ አልተከፈተልንም ይላሉ። ለኔ ግን ይከፈታል።»

«ለማን ነበር የሠራኸው?» ብላ ሳቀች።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ከተማውን ለቀን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንታጠፍ የደረቀ ቢጫ ሣር ብቻ ሆነ፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ትናንሽ ቤቶች መጡ። ዓይኔ ያየው ይህን ነው፤ ልቤ ግን ሴትዮዋን እየሰደበ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ኮዝሞ ሲቲ

ሐጂ ከድር በአክብሮት ተቀብለው ለስላሳ አስከፈቱልኝ። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠናው ልጃቸው ሰሚራም ነበረች። አንድ ባለስፓዛ እሷ በዋትስአፕ የላከችለትን፣ የራሱን ሱቅ ትእዛዝ የሚከፍት ሊንክ ሲነካ «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ መጣበት።

«የኔትወርክ ችግር ነው» አልኩ።

«ይሆናል ጋሼ። እስቲ በእርስዎ ስልክ የትእዛዙን ገጽ ከፍተው ያድሱት።»

አደስኩት። «ገጹ አልተገኘም።» በሱቁ ሁሉ ፊት።

የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኮምፖነንት የምንላቸውን የገጹን ክፍሎች አንድ በአንድ አየሁ። የትኛው አድራሻ የትኛውን ኮምፖነንት እንደሚጠራ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። ፊደልም አልተሳሳተም፣ ቅደም ተከተሉም ትክክል ነው። ሁለት ሰዓት አለፈ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ሰሚራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የስልኩ ጥያቄ የእርስዎ ኮድ ጋ ሳይደርስ ቢሆንስ የሚመለሰው?»

ያኔ ገባኝ። አድራሻዎቹን የሚያውቀው ኮዴ ነው፤ ኮዴ የሚጫነው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ነው። በሊንክ የሚመጣ ወይም ገጹን የሚያድስ ሰው ግን ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ በቀጥታ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ደግሞ በዚያ ስም ፋይል ስለሌለው የለም ይላል። እኔ ስሞክር ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ስለምነሣ አንድም ቀን አላጋጠመኝም። የትኛውም አድራሻ ቢጠየቅ አድራሻውን ሳይቀይር የመጀመሪያውን ገጽ ፋይል እንዲሰጥ ሰርቨሩን አዘዝኩት።

ሊንኩን ነካን። አሁን ደግሞ ነጭ ባዶ ገጽ!

እዚህ ላይ ሰሚራም ግራ ገባት። ባለስፓዛው ሰዓቱን አየ፤ ሐጂ ለጁምዓ ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ፣ ተነሡ። እኔ ግን አየሁት። ገጹ የኮዱን ፋይል ሲጠይቅ የሚመጣለት ኮድ ሳይሆን ያው የመጀመሪያው ገጽ ነበር። የፋይሉን አድራሻ ስጽፍ ከፊቱ እዝባር የምትባለውን ሰያፍ መስመር (/) አላደረግኩም፤ ስለዚህ ፋይሉን የሚፈልገው ከድረ ገጹ መነሻ ሳይሆን በትእዛዙ አድራሻ ሥር ነው። አንዲት እዝባር ጨመርኩ። የሰውየው ትእዛዝ ከነሱቁ ቁጥር ተከፈተ። ይህን ዩኒቨርሲቲው አላስተማራትም፤ እኔ አስተማርኳት።

ኩራቴ ግን አልቆየም።

«የመጀመሪያውን ስህተት መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

አባቷን አየች። «ከአራት ወር በፊት።»

ለካ ሠራተኞቹ አራት ወር ሙሉ ወደ ሱቁ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ስልኩን ከእጁ እየተቀበሉ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እየገቡ ሲከፍቱለት ኖረዋል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጋሽ ታምራት» አሉ ሐጂ፣ «በዚህ ዕድሜ ለፍተው የሠሩትን ተበላሸ ለማለት ይሉኝታ ያዘን። ሥራ ሲበዛብን ነው የደወልኩት። ገጹ ይቀጥላል፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ሰሚራ ትያዘው።»

«አስተካከልኩት እኮ!»

«አላህ ይስጥልን፣ አስተካክለዋል። ግን ሲበላሽ እሷን መቆጣት እንችላለን።»

አምስት ሊትር ዘይት አሸክመው፣ እስከ ታክሲው በሰሚራ አስሸኙኝ። እንዲህ በክብር ከሥራ የተባረረ ሰው አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤሪያ

ቤት ገብቼ ዘይቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩና እንደቆምኩ አሰብኩ። ማንም ስለ ገጹ ቅሬታ አቅርቦ ስለማያውቅ ዝምታውን ምስጋና አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው፤ አልጣፈጠኝም። ያከበሩኝ ሰዎች ከዘበኛ እስከ ዕቃ ጫኝ ሁሉም የሚያውቀውን ከኔ ደበቁ። የሚያስቸግር ጎረምሳ ብሆን ኖሮ በማግስቱ ጮኸውብኝ በሦስተኛው ቀን አስተካክዬው ነበር።

የይለፍ ቃሉን ለሰሚራ ላክሁላት። ከሥሩም፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ የኔን ስህተት ስታዪ በዚያው ቀን ንገሪኝ። ጋሼ ነው ብለሽ አትማሪኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ወዲያው መለሰችልኝ። «እንግዲያውስ ጋሼ፣ ሌሎች ሦስት ስህተቶች አሉ።»

ዘረዘረቻቸው። ሁለቱን አውቃቸው ነበር። ሦስተኛውን ለማየት ላፕቶፑን ከፈትኩ።