የእህቴ ባል ያዘለው እንስራ

በነዳጅ ማደያ አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር፣ የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ታላቅ እህቴ ትዝ ትለኛለች። ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው፤ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከጣና አፋፍ ላይ ነበር። አባቴና የእህቴ ባል ከሐይቁ ዓሣ እያወጡ ያኖሩን ነበር።

ጣሊያኖቹ የሞተር ጀልባቸውን የሚያስሩት እኛ ውሃ ከምንቀዳበት ዳርቻ ነበር። እህቴ እዚያው የሾፌሮቻቸውን ልብስ ታጥብላቸዋለች። ቅባቱን ያስለቅቃል እያሉ ቤንዚን በጣሳ ይሰጧታል፤ እሷም እስከ ክንዷ ነክራ ስታሽ ትውላለች። ጧት ፀሐይ ስታርፍበት ውሃው ላይ የተንሳፈፈው ዘይት እንደ ቀስተ ደመና ያብረቀርቅ ነበር። ለእኔ ያምር ነበር፤ ምን አውቄ። እሷ ግን ውሎ ሲያድር ራሷን ያዞራት፣ ምግብ ያስጠላት ጀመር። የእጇ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። በኋላም የመጀመሪያ ፅንሷ ጨነገፈ። አብራት የምታጥበው ጎረቤታችንም እንደዚያው ሆነች።

እናቴ ማጠቡን አስተወቻት። ውሃው ግን ያው ውሃ ነበር፤ ስንጠጣው ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

እህቴ ዳግመኛ ስታረግዝ ባሏ ለማንም ሳይናገር እንስራውን በገመድ አዝሎ በዘንዘልማ መንደር በኩል ወዳለው ምንጭ ሄደ። ሩቅ ነው። ደግሞስ በእኛ አገር ወንድ እንስራ ሲያዝል ማን አይቶ ያውቃል? ታንኳ የሚሠሩት ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ሴቶቹም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። እናቴ አፍራ፣ «ተው ልጄ፣ እኔ እቀዳላታለሁ» አለችው።

«እርስዎ ይረፉ» አላት። «ውሃው አልከበደኝም፤ የከበደኝ ያለፈው ነው።»

እስክትወልድ ድረስ አላቋረጠም። ከሳቁበት ሴቶች አንዷ፣ ያች የጨነገፈባት ጎረቤታችን፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቃ ምንጩ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችው።

እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። በአራስነቷ ሰሞን በበሩ በኩል አየኋቸው። ገመዱ ደረቱን ልጦት ነበር፤ እሷ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ ቁስሉን ቅቤ ትቀባዋለች።

«አመመህ?» አለችው።

«እጅሽ ነው የሻከረኝ» አላት። ሁለቱም ሳቁ፤ ቀጥሎም እጇን ያዘ።

ያች ሕፃን አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ ስማለች። የእህቴ እጆች ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልለሰለሱም።